ማጣሪያው ከመመረቁ በፊት ቱቦው ቤት ይድረስ

ንጹህ ውሃ ወደ ከተማ ሲገባ ሪባን ይቆረጣል። ያው ውሃ ታጥበንበት፣ ዕቃ አለቅልቀንበት፣ መጸዳጃ ቤት አውርደንበት ሲወጣ ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መሐንዲሶች ለስሌት በሚጠቀሙበት የተለመደ ግምት መሠረት ለቤት ከሚቀርበው ውሃ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ለአንድ ሚሊዮን ነዋሪ በቀን በነፍስ ወከፍ 100 ሊትር የምታዳርስ ከተማ እንግዲህ በየቀኑ 80,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ታመነጫለች ማለት ነው። አቅርቦቱን በእጥፍ ስታሳድግ ፍሳሹም በእጥፍ ያድጋል። የውሃ ፕሮጀክት ሁሉ፣ በሰነዱ ላይ ተጻፈም አልተጻፈም፣ የፍሳሽ ፕሮጀክትም ነው።

በፍጥነት የሚያድጉ ከተሞች ይህን የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው። ወንዙ ሲጠቁር፣ የጉድጓድ ውሃ ሲበከል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከማንሆል የሚገነፍለው ፍሳሽ ደጃፍ ሲደርስ ነው ጉዳዩ አጀንዳ የሚሆነው። ያኔ የሚታሰበው መፍትሔ ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ትልቅ ማጣሪያ ጣቢያ። ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ፍሳሹ ከየቤቱ ተነሥቶ ጣቢያው የሚደርስበት መስመር ካልተዘረጋ፣ ተዘርግቶም ከቤቶቹ ጋር ካልተገናኘ፣ ጣቢያው የሚያጣራው ነገር የለውም። የከተማ ፍሳሽ ሥርዓት ሲሻሻል ገንዘቡም፣ ትኩረቱም፣ ጊዜውም መጀመር ያለበት ከቤት ደጃፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ወንዝ እንዴት ይሞታል?

ፍሳሽ 99.9 በመቶው ውሃ ነው። ጣጣውን የምታመጣው የቀረችው አንድ ሺህኛ ናት። በውስጧ ያለውን ብስባሽ ለመብላት ባክቴሪያዎች ይረባረባሉ፣ ሲበሉም እንደ እኛው ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የከተማ ፍሳሽ መመሪያ የአንድን ሰው የቀን ጫና የሚለካው በዚሁ ነው፤ በ5 ቀን ውስጥ 60 ግራም ኦክስጅን የሚፈጅ ብስባሽ። ንጹህ የወንዝ ውሃ በሊትር የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እናካፍለው። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ፍሳሽ በ7,500 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሙልጭ አድርጎ ሊጨርስ ይችላል። ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሲሰላ በቀን 7.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል፤ በሴኮንድ 87 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያፈስ ወንዝ ማለት ነው።

ወንዝ ሲፈስ ከአየር መልሶ ኦክስጅን ስለሚስብ ስሌቱ ሻካራ ነው። ቢሆንም የነገሩን ስፋት ያሳያል። በደረቅ ወራት በሴኮንድ ጥቂት ሜትር ኩብ ብቻ በሚፈስበት ወንዝ ዳር የተቆረቆሩ ከተሞች ብዙ ናቸው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ዓሣው ይሞታል፣ ኦክስጅን የማይሹ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይወርሳሉ፣ ውሃው ይጠቁራል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሰፈሩን ያውደዋል። ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ የአንጀት ትላትል ደግሞ ለዓይን የማይታዩ ሆነው አብረው ይጓዛሉ። በዚያ ወንዝ ጓሮ የሚያጠጣው ሰውና አትክልቱን የሚበላው ሰው ሁለቱም ከዚህ ጉዳት አያመልጡም።

ይህን በመራራ ዋጋ የተማረችው ለንደን ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ቤት ሲስፋፋ በየቤቱ ሥር የነበሩት ጉድጓዶች ሞልተው ፈሰሱ። መፍትሔ ተብሎ ፍሳሹ ወደ ጎርፍ መውረጃዎች፣ በእነሱም በኩል ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲገባ ተደረገ። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው የሚቀዳው ግን ከዚያው ወንዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 49፣ እንደገናም ከ1853 እስከ 54 ኮሌራ ሕዝቡን ፈጀው። በ1858 በጋ የወንዙ ግማት ዳር ላይ ያለውን ፓርላማ ሲያስጨንቅ ለዓመታት ሲጓተት የኖረው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተፈቀደ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ በጠቅላላው 132 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ዋና መስመሮችን ዘረጋ።

ሥራው ታላቅ ነበር፣ ግን ግማሽ ነበር። ፍሳሹ ከከተማው በታች ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ የሰመጠችው በዚያው መልቀቂያ አቅራቢያ፣ ፍሳሹ ከተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ፣ ከውሃው የወጡትም ስለ ውሃው ግማት መሰከሩ። ጠጣሩን ለይቶ ማስቀረት የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ የሚደጋገመው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማጣሪያው አለ፣ መስመሩ የለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ጋንጅስን ለማጽዳት ሰፊ መርሐ ግብር ጀምራ በወንዙ ዳር ባሉ ከተሞች ማጣሪያ ጣቢያዎችን ሠራች። ብዙዎቹ ግን ከአቅማቸው በታች ሠሩ። ፍሳሹን ሰብስበው የሚያመጡት መስመሮች አልተሟሉም፣ ፓምፖቹን የሚያዞረው መብራትም ይቆራረጥ ነበር። ጣቢያው በአንድ በኩል ቆሞ ጥሬ ፍሳሽ በሌላ በኩል ወደ ወንዙ ሲወርድ ማየት ገንዘቡ ከባከነበት ዜጋ በላይ የሚያቃጥለው የለም።

ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል

የመጠጥ ውሃ በግፊት ስለሚገፋ ዳገት ይወጣል፣ ጥግ ይዞራል። ፍሳሽ ግን በአብዛኛው የሚሄደው በስበት ብቻ ነው። ቱቦውን ሞልቶ አይፈስም፣ ከላዩ አየር ይዞ ሥር ሥሩን ይወርዳል እንጂ። ስለዚህ መላው ሥርዓት የቆመው በቁልቁለት ላይ ነው። ፍጥነቱ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ካልደረሰ አሸዋውና ጠጣሩ የቱቦው ወለል ላይ ይተኛል። ለ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ዝቅተኛ ተዳፋት በ100 ሜትር ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው።

ይህን ጉድጓድ ውስጥ ወርደን ቀረብ ብለን እንየው። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቱቦ ከራሱ እስከ ግርጌው ዝቅ ሊል የሚገባው 2.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአውራ ጣት ወርድ ብዙም አይበልጥም። ቆፋሪው ከሚፈለገው በላይ አጥልቆ ቢቆፍርና ትርፉን በልል አፈር ቢሞላው፣ አፈሩም በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቱቦው ቢተኛበት፣ ከላይ ከባድ መኪና ሲመላለስ ቱቦው ያን ያህል መስመጡ አይቀርም። የሰመጠው ቦታ ውሃ ያቁራል። ያቆረው ውሃ ደለል ያስቀራል፣ ደለሉ ስብና ጨርቅ ይይዛል፣ ስቡም እየጠነከረ የቱቦውን አፍ ያጠባል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ከላይ በኩል ያለው ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ይገነፍላል። የተበላሸው ግን እሱ አይደለም፣ 50 ሜትር ዝቅ ብሎ ከአስፋልት ሥር ነው።

አፈር ከተመለሰና አስፋልት ከለበሰ በኋላ ይህን ስሕተት የሚያይ የለም። ለዚህ ነው በአንድ የመስመር ዝርጋታ ላይ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው አፈሩ ከመመለሱ በፊት ሌቭሉን፣ ማለትም የከፍታ መለኪያውን፣ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደውን ተቆጣጣሪ የሆነው። እሱ ቸኩሎ በፈረመበት ሰነድ የተነሣ አንድ ሰፈር ለ50 ዓመት ፍሳሽ ሲጠርግ ሊኖር ይችላል።

ቁልቁለት ምን ያህል እንደሚያስገድድ ከቺካጎ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ከተማዋ የተሠራችው ሐይቅ ዳር ባለ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ስለሆነ ቱቦ ቢቀበር ተዳፋት አይገኝለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መሐንዲሱ ኤሊስ ቼዝብሮ ቱቦዎቹ መንገዱ ላይ እንዲዘረጉና አፈር ተሞልቶ መንገዱ ራሱ ከፍ እንዲል አደረገ። ሕንፃዎቹ ከመንገዱ በታች ሲቀሩ በክሪክ እየተገፉ ወደ ላይ ተነሡ። በ1861 ትሬሞንት ሃውስ የተባለው ባለ ስድስት ፎቅ የጡብ ሆቴል እንግዶቹ እያደሩበት ከመሠረቱ ከፍ ተደርጓል። ለቱቦ ተዳፋት ሲባል ከተማ ከነሕንፃው ብድግ አለ።

ሜዳማ ቦታ ላይ ቀደም ሲል ባየነው ዝቅተኛ ተዳፋት 1 ኪሎ ሜትር የተጓዘ መስመር መጨረሻው ላይ ከመነሻው 4 ሜትር ጠልቆ ይገኛል። ከዚያ በላይ መቆፈሩ ሲያቅት ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ጣቢያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፓምፕ ጣቢያ መብራት፣ ተጠባባቂ ጄነሬተር፣ ጠባቂና መለዋወጫ ይፈልጋል። መብራት በጠፋ በሰዓታት ውስጥ ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ዝቅተኛውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ስለዚህ ጥሩ ዲዛይን ፓምፕን እስከሚችለው ድረስ ይሸሻል፣ ሸለቆዎችን ተከትሎ ይወርዳል።

ችግሩ ሸለቆዎቹ ባዶ አለመሆናቸው ነው። ዋናው መስመር ሊያልፍባቸው የሚገባቸው የወንዝ ዳርቻዎች የድሃው ሰው ጎጆ የሚቀለስባቸው፣ ፋብሪካውም አጥሩን የሚገፋባቸው ቦታዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ የወሰን ማስከበር ሥራ ይጀመራል፤ ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ ክስ፣ የቆመ ቁፋሮ፣ ጊዜው ያለፈበት ውል። በማደግ ላይ ላለ ከተማ ርካሹ ቱቦ አስፋልት ሳይነጠፍ፣ ሰው ሳይሰፍር የተቀበረው ነው። ቱቦ ለመግዛት አቅም ባይኖር እንኳ መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት በፕላን ላይ ማስከበር ይቻላል፣ ያ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ቁርጠኝነት ይጠይቃል።

ከውስጥ የሚበላው

ነባሩን መስመር በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኮንክሪት ቱቦ የሚያረጀው በብዛት ከላይ ከጣሪያው በኩል ነው፤ ፍሳሹ ከሚነካው ወለል በኩል አይደለም። ፍሳሹ ቀስ ብሎ ሲሄድ ወይም ሲተኛ ኦክስጅኑ ያልቅና በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለው አተላ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለውጡታል። ፍሳሹ በሚናወጥበት ቦታ ጋዙ ይወጣል፣ እርጥብ የሆነው የቱቦ ጣሪያም ይይዘዋል። እዚያ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ጋዙን ሰልፈሪክ አሲድ ያደርጉታል። አሲዱ ሲሚንቶውን ወደ ጄሶ ይለውጠዋል፤ ጠንካራ የነበረው ኮንክሪት በጣት የሚፋቅ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ የአርማታው ብረት ይገለጣል፣ አንድ ቀን መንገዱ ይደረመሳል። መንገዱ ሲደረመስ ዝናቡ ይወቀሳል።

ስለዚህ ማሻሻያ የሚጀምረው ያለውን በማወቅ ነው። በጎማ ላይ የሚሄድ ካሜራ ወደ ቱቦው ተልኮ የት እንደተሰነጠቀ፣ የዛፍ ሥር የት እንደገባ፣ የት እንደሰመጠ ይታያል፣ በካርታም ላይ ይሰፍራል። ሁሉንም መቆፈር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሠራበት ዘዴ፣ በሙጫ የተነከረ የጨርቅ ከረጢት ወደ አሮጌው ቱቦ ይገባና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፤ አዲስ ቱቦ በአሮጌው ውስጥ ተሠራ ማለት ነው። ተዳፋቱ የተበላሸውን ግን ይህ አያድነውም፣ እሱ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ካሜራው ያመጣውን መረጃ ሳይዙ ጨረታ ማውጣት ሐኪም ሳያይ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

የመጨረሻዎቹ ሜትሮች

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ዋናው መስመር በመንገዱ መሐል ተቀብሯል፣ ማንሆሎቹ ክዳናቸውን ለብሰዋል፣ ፕሮጀክቱ ተጠናቋል ተብሎ ርክክብ ተፈጽሟል። ከመስመሩ እስከ ግቢው ያለው ርቀት ግን የማንም አይደለም። አስተዳደሩ ከአጥር ወዲያ ያለው የባለቤቱ ነው ይላል። ባለቤቱ ጉድጓዱ ገና አልሞላም፣ ግቢውን አፍርሶ ለማገናኘት አቅም የለውም፤ ተከራይ ከሆነም ለሰው ቤት አያወጣም። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶች ዘንድ ደግሞ ደረጃውን የጠበቀ መስመር ጨርሶ አይገባም። ውጤቱ ባዶ ቱቦ ነው። ባዶ ቱቦ በቂ ውሃ ስለማይፈስበት ራሱን አያጥብም፣ የገባችው ጥቂት ፍሳሽ ተኝታ ታሸታለች፣ ከላይ የተጻፈውን አሲድ ትሠራለች። ያልተገናኘ መስመር ሳይሠራ ያረጃል።

ለዚህ ከድሃ ሰፈሮች የመጡ ሁለት ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው ከፓኪስታኗ ካራቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ካን በኦራንጊ ሰፈር በጀመረው ሥራ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቤቶች ያሉበት አንድ መተላለፊያ እንደ አንድ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ከቴክኒክ ባለሙያ ምክር እያገኘ፣ የራሱን መጸዳጃ ቤትና የመተላለፊያውን መስመር በራሱ ገንዘብና ጉልበት ሠራ። ተቋራጭና ደላላ በመሐል ስላልነበረ ዋጋው ከመደበኛው ግምት በብዙ እጥፍ ወረደ። ነዋሪው የውስጡን ሲሠራ መንግሥት ደግሞ ዋናውን መስመርና ማጣሪያውን ይሥራ የሚል የሥራ ክፍፍል ነበር። ነዋሪዎቹ ድርሻቸውን ተወጡ። የዋናው መስመር ድርሻ ግን ለረጅም ጊዜ ኋላ ቀርቶ ብዙው መተላለፊያ ፍሳሹን ወደ ተፈጥሮ መውረጃዎች ለቀቀ። ሕዝቡ እንደማይከፍል፣ እንደማይደራጅ ለሚናገሩ ሁሉ ኦራንጊ መልስ ነው። ሕዝብ ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ምን እንደሆነም እዚያው ይታያል።

ሁለተኛው ከብራዚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ናታል በተባለች ከተማ የተጀመረው ዘዴ፣ መስመሩን በአስፋልት መሐል ጥልቅ አድርጎ ለእያንዳንዱ ቤት ለየብቻ ከማገናኘት ይልቅ፣ በጓሮ ወይም በእግረኛ መንገድ ሥር ጠለቅ ሳይል ያሳልፈዋል። መኪና ስለማይሄድበት መጥለቅ አያስፈልገውም፣ ቱቦውም አነስ ይላል፣ ርዝመቱም ያጥራል። አንድ ብሎክ ሙሉ እንደ አንድ ደንበኛ ሆኖ በአንድ ነጥብ ከከተማው መስመር ጋር ይገናኛል፤ ነዋሪዎቹ መስመሩ በማን ግቢ እንደሚያልፍና ጥገናው የማን እንደሚሆን ተሰብስበው ይወስናሉ። ኋላ ዋና ከተማዋ ብራዚሊያም ዘዴውን በስፋት፣ ለድሃውም ለሀብታሙም ሰፈር ተጠቀመችበት። ስብሰባው አድካሚ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጨቃጨቃል። ነገር ግን ጭቅጭቁ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ቢያልቅ ይሻላል፣ አለዚያ መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ይመጣል።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ግልጽ ነው። የማገናኛው ወጪ በፕሮጀክቱ ውስጥ ይካተት፤ ለባለቤቱ የሚተው ድርሻ ካለም ከወርሃዊ የውሃ ሂሳቡ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይከፈል። የፕሮጀክቱ ስኬት የሚለካውም በተዘረጋ ኪሎ ሜትር ሳይሆን በተገናኘ ቤት ቁጥር ይሁን። ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን የሚያገኘው ቤቶቹ ሲገናኙ ቢሆን ብዙ ነገር ይለወጣል።

ጣቢያው ውስጥ

ወደ ማጣሪያው እንግባ። የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ነው፤ ጨርቅና ፕላስቲክ በብረት ወንፊት ይቀራል፣ አሸዋ ይዘቅጣል፣ ጠጣሩም በትልቅ ገንዳ ውስጥ ወደ ታች ይተኛል። ከዚያ በኋላ ያለው በውሃው ውስጥ የሟሟው ብስባሽ ነው፣ እሱን የሚያነሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ማንቸስተር ላይ ያገኙት ነገር የዛሬውን ዓለም ማጣሪያ ሠርቷል። ፍሳሽ ውስጥ አየር ሲነፉበት ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ አምስት ሳምንት ያህል ወሰደ። የጠራውን ውሃ ቀድተው ሥሩ የተኛውን ዝቃጭ ግን ሳይጥሉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። እየደጋገሙ ይህን ሲያደርጉ ጊዜው አጥሮ አጥሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ገባ። ዝቃጩ ሥራ የለመደ የባክቴሪያ ሠራዊት ሆኖ ነበር።

ይህ ሠራዊት ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ጠባቂ ይፈልጋል። በጣቢያው ያለ ጥሩ ኦፕሬተር ጠዋት የሚሠራው አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። አየር ከሚነፋበት ገንዳ ቡናማውን ውሃ በአንድ ሊትር የመስተዋት ሲሊንደር ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ያቆምና 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ጤነኛ ከሆነ ጭቃው እንደ በረዶ ብናኝ እየተያያዘ ይወርዳል፣ ከላዩ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ካልወረደ፣ ወይም ወርዶ ተመልሶ ከተንሳፈፈ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ፋብሪካ መርዝ ለቋል፣ ወይ ዝቃጩ በጊዜው አልተወገደም። በዚህ አንድ ሲሊንደር ኦፕሬተሩ ወንዙ ላይ ሊደርስ ያለውን ነገር አስቀድሞ ያያል። ሥልጠና የሌለው፣ ደመወዙ የሚያንስ፣ ያየውን የሚሰማው አለቃ የሌለው ኦፕሬተር በተመደበበት ጣቢያ ግን ከውጭ የመጣው ውድ መሣሪያ ሁሉ ብረት ነው።

ቴክኖሎጂ ሲመረጥም ይኸው ይታሰብ። አየር መንፋት መብራት ይበላል፤ በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ከሚፈጀው ኃይል ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። የኃይል አቅርቦቱ በማያስተማምን፣ አየሩ በሚሞቅ አገር ሌሎች አማራጮች አሉ። ፀሐይና አልጌ የሚያጸዷቸው ተከታታይ ኩሬዎች ያለ መብራት ይሠራሉ፣ የትላትል እንቁላልንም በደንብ ያስቀራሉ፣ ነገር ግን ሰፊ መሬት ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ጋትስ ሌቲንጋ ያዳበሩት፣ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ ምንጣፍ ውስጥ የሚያልፍበት አየር አልባ ጋን ደግሞ በሞቃት አገር በትንሽ ቦታ ብዙ ብስባሽ ያነሳል፣ ባዮጋዝም ይሰጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ማጥሪያ ደረጃ መኖሩ ግን ግድ ነው። የትኛውም ዘዴ በራሱ ዘመናዊ ወይም ኋላ ቀር አይደለም። ከተማው ከ10 ዓመት በኋላም ሊያሠራው የሚችለው የትኛው ነው የሚለው ነው መለኪያው።

ጣቢያ በምዕራፍ በምዕራፍ ሊሠራ ይችላል፤ ዛሬ ሁለት ገንዳ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሦስተኛው። ዋና ቱቦን ግን በየ10 ዓመቱ ቆፍሮ ማስፋት አይቻልም። ስለዚህ ቱቦው ለሚመጣው ትውልድ፣ ጣቢያው ለቅርቡ ጊዜ ቢሰፋ ይመረጣል። በተግባር የሚታየው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ግዙፍ ጣቢያና ቀጫጭን መስመር።

ቱቦ የማይደርስለት ሰው

የትኛውም ከተማ ሙሉ በሙሉ በቱቦ እስኪሸፈን አሥርት ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያ አብዛኛው ነዋሪ በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ይጠቀማል። ስለዚህ የመምጠጫ ቦቴው የሥርዓቱ አካል ነው፣ እንደ ጊዜያዊ ነገር ሊታይ አይገባም። ቦቴው ሞልቶ የሚደፋበት ቦታ ሩቅ ከሆነ ወይም ለመድፋት ብዙ የሚያስከፍል ከሆነ ሌሊት ወንዝ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ መደፋቱ አይቀርም። ሾፌሩን ከመቅጣት በፊት የተፈቀደ መድፊያ በቅርብ ማዘጋጀት ይቀላል። ከጉድጓድ የሚወጣ ዝቃጭ ከተራ ፍሳሽ ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚጠነክር በመሆኑ ጥቂት ቦቴዎች በአንድ ጊዜ የሚደፉበት ትንሽ ጣቢያ ሊታነቅ ይችላል፤ የተለየ ማድረቂያና መቀበያ ያስፈልገዋል።

ዝናብም አለ። ፍሳሽና ጎርፍ በተለያየ መስመር እንዲሄዱ በታቀደበት ከተማ የጣሪያ ውሃውን ወደ ፍሳሽ ማንሆል የሚለቅ ግቢ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ዶፍ በጣለ ቀን ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ይገባለታል፣ ያ ለወራት የተኮተኮተው የባክቴሪያ ሠራዊትም በአንድ ከሰዓት ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለንደን ጎርፍና ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄዱበትን የ19ኛው ክፍለ ዘመን መስመሯን ለመደገፍ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 7.2 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ ከወንዙ ሥር ለመቆፈር ተገድዳ፣ ሙሉ በሙሉ ያገናኘችው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ሁሉም በደንብ ሲሠራ ፍሳሽ ሀብት እስከ መሆን ይደርሳል። በረሃ ጥግ ያለችው የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሿን እንደገና አጥርታ ለመጠጥ ታውላለች፤ በ2002 የተከፈተው ጣቢያዋ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ያመርታል። ይህን የቻለችው የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል ለይታ በመጀመሯ ነው። እዚህም ወሳኙ ነገር ጣቢያው ሳይሆን ወደ ጣቢያው የሚገባው ነው።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ ልበል። ለግንባታ ብድር ይገኛል፤ ለኬሚካል፣ ለመብራት፣ ለደመወዝ፣ ለመለዋወጫ ግን ማንም አያበድርም። የፍሳሽ አገልግሎት ክፍያ በውሃ ሂሳብ ላይ ተደምሮ ካልተሰበሰበ፣ የተሰበሰበውም ለዚሁ ብቻ ካልዋለ፣ ጣቢያው በተመረቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ፓምፕ ይቆማል፣ ከዚያም ሌላው። ክፍያው ሲታሰብ ድሃው በቀን ለሚጠቀማት ጥቂት ባልዲ ውሃ ሀብታሙ መዋኛ ገንዳ ከሚሞላበት በሊትር የበለጠ እንዳይከፍል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሳልነካው የማላልፈው የሰው ነገር ነው። የተዘጋ ማንሆል ሲከፈት ቱቦ የሚበላው ያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። በትንሽ መጠን ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ያህል ሲደርስ ግን አፍንጫ መስማቱን ያቆማል፤ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲወርድ ከደረጃው ሳይጨርስ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ይወርዳል፣ እሱም ይወድቃል። በብዙ አገር በአንድ ማንሆል ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው የሞቱት ሠራተኞች ታሪክ ይኸው ነው። የሚያድናቸው ነገር የታወቀ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስ፣ ከመውረድ በፊት የጋዝ መለኪያውን በገመድ ማውረድ፣ ወራጁን በቀበቶ ከላይ ካለ ማንሻ ጋር ማሰር፣ ላይ የሚቀረው ሰው በምንም ምክንያት እንዳይወርድ ማዘዝ፤ ከተቻለ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚያጥብ መኪና ገዝቶ ሰው ጨርሶ እንዳይወርድ ማድረግ። የጋዝ መለኪያው ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። በቢሊዮን ለሚቆጠር ገንዘብ የሚቀርብ የፕሮጀክት ሰነድ ሲገለጥ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው በግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ይህ ዕቃ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ነው።